በሞቴ የማትል ጓደኛ

ጅማ ውስጥ የከሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆነህ ነው? አሞህ ነው?» ተብሎ ነው። ለወፈረ ሰው ግን ምርቃት ይዘንብለታል። «ተመችቶሻል!» «ኧረ አምሮብሻል!» «ትዳሩ ተስማምቶሻል ማለት ነው!» እኔም ይህን ምርቃት ለዓመታት እየተቀበልኩ 84 ኪሎ ደረስኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው።

ሒሳቡን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ኪሎን ለቁመት ታካፍላላችሁ፤ የወጣውን እንደገና ለቁመት ታካፍላላችሁ። ቁመቱ በሜትር ይሁን። የኔ ወደ 33 ይጠጋል። ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ ይባላል። 30 ካለፈ ሐኪም ዝም ብሎ አያልፈውም። ይሁንና እኔን ያስነሳኝ ይህ ቁጥር አይደለም። ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስኳሬን በባዶ ሆዴ ለኩኝ። 118 ሆነ። ነርሷ ወረቀቱን አየት አደረገችና «ስኳር አልጀመረሽም፤ ግን ደጅሽ ላይ ቆሟል» አለችኝ። መድኃኒት አላዘዘችልኝም። «ከኪሎሽ ላይ አራት አምስት ብታወርጂ ብዙ ነገር ይስተካከላል» ብላ አሰናበተችኝ። ልክ ናት። ከክብደት ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ስኳርንም ግፊትንም እንደሚያሻሽል በሕክምናው የታወቀ ነው። ለኔ 5 በመቶ ማለት 4 ኪሎ ከምናምን ነው።

አራት ኪሎው አላስፈራኝም። ያስፈራኝ የቡናው ሰዓት ነው።

እኛ ጋ ጓደኝነት የሚኖረው ረከቦት ዙሪያ ነው። ጠዋት ቡና አለ፤ ከሰዓት ቡና አለ፤ ለቅሶ ቤት ቡና አለ፤ ዕቁብ ላይ ቡና አለ። የተጣላ የሚታረቀው፣ ሥራ ያጣ ሥራ የሚያገኘው እዚያ ነው። ቡናው ራሱ ምንም አላደረገም። ያለ ስኳር ከተጠጣ ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። ጣጣው ያለው ስኳሩ ላይ ነው። በኛ ሰፈር ልማድ ስኳሩ አስቀድሞ ሲኒው ውስጥ ይገባል፤ ቡናው ከላዩ ይቀዳል። ሲኒው እጃችሁ ሲገባ ነገሩ አልቋል። ያቺ ትንሽ ሲኒ ሁለት ማንኪያ ትውጣለች። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ስድስት ማንኪያ፣ 24 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባያልፍ ይመረጣል ይላል። የኛ የጠዋት ቡና ሲያልቅ የቀኑ ድርሻ አብሮ አልቋል። ገና የከሰዓቱ አለ። የቢሮው ሻይ አለ። አቮካዶ እንደ ልብ በሚገኝበት ከተማ ጭማቂ ቤቱ አቮካዶውን ያለ ስኳር ለማቅረብ የሚያፍርበት ምክንያት ደግሞ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ታዲያ እምቢ አትይም?» ትሉኝ ይሆናል። አከራዬን ስለማታውቋት ነው። እትዬ ጉርሻ ጠቅልላ፣ ከመሶቡ ብድግ ብላ፣ «በሞቴ! አንዲት ብቻ!» ትላለች። አንዲቱ ከተዋጠች በኋላ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛዋ ትመጣለች። ሞቷን አስይዛ እጇን የዘረጋች ሴት ፊት ስለ ካሎሪ ማን ያወራል?

እትዬን ግን መውቀስ አልችልም። የሷም የእናቴም ትውልድ ምግብ ሲጠፋ ያየ ትውልድ ነው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ከሰሜን የተነሡ ብዙ ሰፋሪዎች የመጡት ወደኛው አቅጣጫ፣ ወደ ያኔዎቹ ከፋና ኢሉባቦር ክፍለ ሀገሮች ነው። ጅማ የከፋ ዋና ከተማ ነበረች። እናቴ ያኔ ስላየቻቸው ሕፃናት ስታወራ ዛሬም ድምፅዋ ይለወጣል። ያ አለፈ ሲባል ኤችአይቪ መጣ። በ1990ዎቹ ሰው ሲከሳ ጎረቤት ምን ብሎ እንደሚንሾካሾክ የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ይህን ሁሉ ያሳለፈች እናት ልጇ ፊቷ ሲገባ ስታይ «ጎሽ» እንድትል መጠበቅ ግፍ ነው።

ስለዚህ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ምን ዓይነት ሰው እንደሚያስፈልገኝ ግን አላውቅም ነበር። አማካሪ አላጣሁም። አንዷ ዝንጅብልና ሎሚ በባዶ ሆድ ጠጪ አለችኝ። አንዱ እንጀራ ሙሉ በሙሉ ተዪ አለ፤ የሱን ሆድ ማየት ግን ምክሩን ለመመዘን በቂ ነበር። ቢሮ ውስጥ ደግሞ «ጫት ጀምሪ፣ በወር ውስጥ ታልቂያለሽ» ያለኝ አለ። ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ እውነት ነው። ለስላሳውን፣ ኦቾሎኒውንና የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት ግን አልነገረኝም። በርቺ ባዮችም ነበሩ። «በርቺ! ትችያለሽ!» ይላሉ፤ ወዲያው ሳምቡሳውን ወደኔ ገፋ ያደርጉታል።

ፈውሱ ከማዶ ቤት መጣ። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ከልጅነቴ የማውቃት፣ ብዙ የማታወራ ሴት። የስኳሩን ምርመራ ለሷ ብቻ ነበር የነገርኳት። ያን ቀን ምንም አላለችም። በማግስቱ ቡና ስትጠራን ሲኒዎቹ ባዶ ናቸው። ስኳሩ በዕቃ ሆኖ፣ ማንኪያ ተቀምጦበት፣ ረከቦቱ ጎን ቀርቧል። «የፈለገ ይጨምር» አለች፤ በቃ። አንዷ «ምነው፣ ስኳር ተወደደ?» ብላ አሽሟጠጠች። ጎረቤቴ «አዎ፣ ተወዷል» ብላ መቅዳቷን ቀጠለች። ስሜን አላነሳችም። እኔ ግማሽ ማንኪያ ጨመርኩ። ማንም አላየኝም፤ ማንም አልለመነኝም። ከሴቶቹ መሐል ሌላም አንድ ሰው ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች። ለካ እሷም ግፊት ነበረባት።

ይህች ሴት ስለ አመጋገብ አንድም ቃል አስተምራኝ አታውቅም። ያደረገችው አንድ ዕቃ ከቦታው ማንሳት ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ቡናው ላይ መቀመጥ አላስፈራኝም። ኪሎ ለመቀነስ ስል ከሰው ልርቅ ነበር፤ እሷ ከዚያ አዳነችኝ።

የእግር ጉዞውም የተጀመረው በሷ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ አምስት ቀን ማለት ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ቢሮ የምትውል ሴት ግን ጊዜ የምታገኘው ንጋት ላይ ነው፤ ንጋት ላይ ደግሞ ጨለማው አለ፣ ውሻው አለ። ብቻዋን የምትሮጥ ሴት ላይ አስተያየት ሊሰጥ ከእንቅልፉ ማልዶ የሚነሳም አይጠፋም። የእግር ጉዞ ጓደኛ ያስፈልጋል ሲባል ለሞራል ነው ይላሉ። እኔ ያስፈለገችኝ ለውሻው ነው። ጎረቤቴ ሱብሂ ሰግዳ ስትጨርስ በሬን ታንኳኳለች። ሌላዋ ጓደኛችን፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው፣ ኪዳን አድርሳ መንገድ ላይ ትቀላቀለናለች። ሦስት ሆነን ዱላ ይዘን ስንሄድ ውሾቹም ሰዎቹም መንገድ ለቀቁልን።

የሥራ ቀን ሰፈር ውስጥ እንዞራለን። ቅዳሜ ወደ ጅሬን እንወጣለን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ዳገት ነው፤ ላዩ ላይ ሲደረስ ጅማ በሙሉ ከታች ተዘርግታ ትታያለች። አንድ ጊዜ ወደ ቦዬ በኩል እንሂድ ብዬ ነበር። ጎረቤቴ «እዚያ ጉማሬ አለ፤ ሦስት ብቻ ነው የወጣነው፣ አራት ሆነን ብንመለስ ማን ይለየናል?» አለች። መንገድ ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን።

ጅሬን ዳገት ላይ ነው መምህሯ ጓደኛችን እያለከለከች ስለ አንድ ጥናት የነገረችን። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነው። ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን የ32 ዓመት መረጃ ተመልክቷል። የቅርብ ጓደኛው ከልክ በላይ የወፈረ ሰው፣ እሱም የመወፈር ዕድሉ በ57 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። «ታዲያ ያወፈርሽኝ አንቺ ነሻ!» አልኳት ጎረቤቴን። መምህሯ «ቆይ፣ አልጨረስኩም፤ የጎረቤት መወፈር ለውጥ አላመጣም» አለች። ጎረቤቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አልሐምዱሊላህ! እኔ ጎረቤት ነኝ፣ ነፃ ነኝ!»

መምህሯ ሐቀኛ ስለሆነች ተቃውሞውንም አልደበቀችንም። ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን በጥርጣሬ አይተውታል። ሰው ድሮም የሚመስለውን ነው ጓደኛ የሚያደርገው፤ አንድ ሰፈር፣ አንድ ገቢ፣ አንድ ምግብ ቤት። ማን ማንን እንዳወፈረ በምን ይለያል? ለኔ ግን የበለጠ የገባኝ ሌላው፣ እ.ኤ.አ. የ1999ኙ ጥናት ነው። ኪሎ ለመቀነስ ብቻቸውን የተመዘገቡ ሰዎችና ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር የተመዘገቡ ሰዎች ተወዳደሩ። ብቻቸውን መጥተው መደበኛውን ሥልጠና ከወሰዱት 76 በመቶው እስከ መጨረሻው ቆዩ፤ የቀነሱትን ኪሎ ከ6 ወር በኋላ ሳይመልሱ የተገኙት ግን 24 በመቶ ብቻ ናቸው። ከጓደኛ ጋር መጥተው እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ከተደረጉት 95 በመቶው ጨረሱ፤ 66 በመቶው የቀነሱትን አልመለሱም። እርግጥ ሦስት ጓደኛ ይዞ መምጣት የቻለ ሰው ድሮም ሌላ ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል። እሱን አልክድም። ይሁንና ሰው ከቤቱ ጨለማ ሳይገፈፍ የሚወጣው በሩ ስለተንኳኳ እንደሆነ እኔም በራሴ አይቻለሁ።

መራመድ ብቻውን ግን ብዙ ኪሎ አያወርድም። ይህን ቶሎ ማወቅ ጥሩ ነው። ለኔ ዓይነት ሰው የግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ የሚያቃጥለው በግምት ከ130 እስከ 150 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ይሆናል። ወጥ ስንሠራ ደግሞ ዘይቱን በማንኪያ የሚለካ የለም፤ ከጀሪካኑ ነው የሚንቆረቆረው። የጾም ምግብ ያከሳል የሚባለውም እዚህ ላይ ይወድቃል። ሥጋው ይቀራል እንጂ ዘይቱ ይጨምራል። አፍጥሩም ቢሆን ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተጹሞ ማታ በዘይት የወጣ ሳምቡሳ ይደረደራል። በቅርብ ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ስለተገጣጠሙ እኔና ጎረቤቴ አንድ ላይ ተቸግረናል። በጾሙ ጊዜ ጉዞውን ወደ ማታ፣ አፍጥር ሊደርስ ሲል አዛወርነው። ሳምቡሳውን እንተው ብንል የሚሆን አልነበረም። ከሾርባው በኋላ እንዲመጣ አደረግን። ሆድ በሾርባ ከሞላ ሳምቡሳው ሦስት መሆኑ ቀርቶ አንድ ይሆናል።

አሁን ወደ ዕቁባችን ልምጣ፤ ዋናው ጦርነት የነበረው እዚያ ነው።

በየተራ ቤታችን የምንገናኝበት የእሁድ ዕቁብ አለን። ሁላችንም ሴቶች ነን። ገንዘቡ በአሥር ደቂቃ ይሰበሰባል፤ የቀረው ሰዓት ምግብ ነው። ባለተራዋ ካለፈችው ተረኛ በልጣ መታየት አለባት። በሁለት ዓይነት ወጥ የተጀመረው ስድስት ዓይነት ደርሶ ነበር። አንድ እሁድ ላይ እንቀንስ ብዬ አነሳሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከመካከላችን ጨዋታ አዋቂዋ «እኔ ሰው ቤት ሄጄ ጎመን ልበላ? ጎመኑ ቤቴ አለልኝ!» አለች። ሳቁ ሲበርድ አንዷ፣ ሁሌ ዝም የምትለዋ፣ ከመሬት ተነስታ ተናገረች። «እኔ የሚያወፍረኝ ዕቁቡ አይደለም። ማታ ልጆቹ የሚያስተርፉትን እኔ ነኝ የምጨርሰው። እንጀራ መጣል ነውር ነው ብዬ።» ከዚያ ማን ዝም ይበል? አንዷ ሌሊት ተነስታ ዳቦ እንደምትበላ ተናገረች። ሌላዋ ባሏ እንዳያይ የምትደብቀውን ብስኩት አወጣች። የዚያን ቀን ማንም ማንንም አልመከረም። ሁላችንም ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ምግብ እውነት አወራን።

በኋላ ሳነብ ይህ ነገር ከኛ በፊት አሜሪካ ውስጥ ደርሶ አገኘሁት። ጂን ኒዴች የምትባል፣ ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ የምትኖር የቤት እመቤት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1961 97 ኪሎ ገደማ ሆና ከተማው ጤና ቢሮ ወደሚያካሂደው ክሊኒክ ሄደች። ምን እንደምትበላ በዝርዝር ሰጧት። ኪሎ ቀነሰች፤ ተደብቃ ብስኩት እንደምትበላ ለክሊኒኩ ሰዎች መናገር ግን አቃታት። ጓደኞቿን ቤቷ ጠራችና ለነሱ ተናዘዘች። እነሱም የየራሳቸውን አወጡ። በየሳምንቱ መገናኘት ጀመሩ፤ ሰው በዛ፤ በ1963 ዌይት ዎቸርስ የሚባለው ኩባንያ ተቋቋመ። እኛ ኩባንያ የማቋቋም ሐሳብ የለንም። ግን እንዲህ ያለውን መሰብሰቢያ እኛ ከአያቶቻችን ወርሰነዋል፤ ማኅበሩ፣ ዕድሩ፣ ዕቁቡ አለ። የጎደለው ወሬው ነበር።

ብዙ ተከራክረን ሦስት ነገር ላይ ተስማማን፤ ምግቡ ከሁለት ዓይነት አይበልጥም፤ ጉርሻ ይቀጥላል፣ «በሞቴ» ግን ቀረ፤ ኪሎ ማንም ለማንም አያነብም። የመጨረሻውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? አንዱ ሲመዝነኝ ቁጥሩን ለመንገደኛው ሁሉ ጮክ ብሎ አውጆልኛል። ሰው በዚያ መንገድ አይበረታም። ከኛ መሐል አንዷ በዚህ ሁሉ አልተስማማችም፤ ወጣች። «አንቺ ልትከሺ እኔን ታሳቅቂኛለሽ» አለችኝ። አሁንም መንገድ ላይ ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው። ይህን የምጽፈው እሷ ጥፋተኛ ናት ለማለት አይደለም። ጓደኛችሁ ሲለወጥ አብራችሁ የለመዳችሁት ነገር ከእጃችሁ ይወጣል። እሷ የመጣችው ለስድስቱ ወጥ ነበር፤ ያም መብቷ ነው።

ኪሎው ሲወርድ ደግሞ የፈራሁት መጣ። ገበያ መሐል አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ያዘችኝ። ፊቴን ትዳስሳለች። «ልጄ፣ ምን አገኘሽ? ተመረመርሽ? እውነቱን ንገሪኝ!» ሰው ቆሞ ያያል። እኔ አፌ ተያዘ። ጎረቤቴ የያዘችውን ዘንቢል መሬት አስቀመጠችና «እማማ፣ ደህና ናት። በየቀኑ አብረን ነው የምንራመደው። እኔ ምስክር ነኝ» አለቻት። ሴትዮዋ እሷን አየቻት፣ እኔን አየች፣ «እንዲያ ከሆነ እሺ» ብላ መረቀችን። ከዚያ ወዲያ ገበያ ብቻዬን ስሄድ ማንም አልጠየቀኝም። ወሬው ደርሶ ነበር፤ ጅማ እንዲህ ላለው ነገር ሬዲዮ አያስፈልጋትም።

አሁን ኪሎዬ ቆሟል። ነርሷ ያለችውን አልፌዋለሁ፤ ስኳሬም ወርዷል። ከዚያ በታች ግን አልንቀሳቀስ ብሏል። መምህሯ ይህም የተለመደ ነው ትላለች። ሰውነት ሲከሳ የሚያቃጥለውን ይቀንሳል፣ ረሃቡንም ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ፍጥነት መጠበቅ የለብንም። ጎረቤቴ ደግሞ ዝናቡ ነው ትላለች። የጅማ ዝናብ ሲጀምር መቆሚያ የለውም፤ በጭቃ ያመለጡን ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል።

የሚቀጥለው እሁድ ተራው የኔ ነው። ሽሮና ጎመን በአይብ ብዬ አስቤ ነበር። ያቺ ጨዋታ አዋቂ ትናንት ማታ ደወለችልኝ። «ጎመን ነው አሉ፤ እኔ አልመጣም» አለች። እሺ ቅሪ አልኳት። «አልመጣም አልኩሽ እኮ» አለች። ሰማሁሽ አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ለመሆኑ ጠዋት የምትወጡት በስንት ሰዓት ነው? 12 ሰዓት በሬ ላይ ብቆም ታገኙኛላችሁ?» ስትል ጠየቀችኝ። ዱላ ይዘሽ ነይ አልኳት።